ሰው አለው

ቡናው እስኪፈላ ስለ ቡፌ እንጫወት። ያደግንበት ሳሎን ውስጥ የነበረችውን ባለመስታወቷን ማለቴ ነው። ሆዷ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ ለእንግዳም የማይወጣ ብርጭቆ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የፕላስቲክ አበባ፤ አናቷ ላይ ዳንቴል። የነካት ልጅ ወዮለት!

እኔ ታዲያ ከቡፌ ልገላገል ብዬ ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠራሁበት። አናጺው «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ሲለኝ «መጽሐፍ እኮ ነው፤ ጤፍ መሰለህ?» ብዬ ሳቅሁ። ለካ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ አንድ ሜትር መጽሐፍ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል! 18 ሚሊ ሜትር ችፑድ መሐሉ ላይ ድጋፍ ካጣ ከርሞ ይጎብጣል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ደግሞ ተራ ፊሸር አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ማቆሚያ አስገባበት። ለክረምቱ እርጥበትም መጽሐፎቹን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አደረግናቸው።

ማስዋቡ የእህቴ ልጅ ድርሻ ሆነ። «አክስቴ፣ አሁን የሚደረደረው በቀለም ነው» አለችኝ። ደረደረችው፤ አማረ። በሽፋን ቀለማቸው የተነሳ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከምግብ አሠራር መጽሐፍ ጎን ቆመ፤ ሰብለ ወንጌል ከሽሮ ጋር! ጀርባቸው ላይ ርዕስ የሌላቸው ቀጫጭኖቹማ አንዱን ለማግኘት አሥሩን መምዘዝ ሆነ። በየመሐሉ ጀበናው፣ ሙዳዩ፣ የአበባ ማስቀመጫው ተሰካ። አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን እጁን ሲዘረጋ «እንዳትነካ!» ስል ራሴን ሰማሁት። ድምፁ የእናቴ ነበር። ቡፌዋ መስታወቷን አውልቃ ተመልሳለች።

ያኔ የድሮ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ፤ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብተው፣ በጠፍር ከግድግዳ ችንካር ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ለዓይን የሚታየው ቆዳው ብቻ ነው፤ መጽሐፉን የሚያየው አውርዶ የከፈተው ሰው ነው።

እኔም እንደገና ደረደርኩ። የልጆቹን ታች፣ የማነባቸውን እጄ በሚደርስበት፣ መዝገበ ቃላቱን ከወንበሬ አጠገብ። ከጌጡ ጀበናው ብቻ ቀረ።

አሁን መሐል ላይ አንድ ክፍተት አለ፤ የ«ኦሮማይ» ቦታ። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቦ፣ አንባቢ በድብቅ ሲቀባበለው የኖረ ነው። የእኔውንም ጎረቤቴ ተውሶኝ ይኸው ስድስት ወሩ።

የእህቴ ልጅ በቀደም መጥታ ክፍተቱን አየችና የአበባ ማስቀመጫዋን ይዛ ተጠጋች።

«ተዪው» አልኳት፤ «ሰው አለው።»