ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ዛሬ ጠዋት ከአጋሮ የደረሰኝ መልእክት ነው። ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ልካችሁልኛል። የፒኤስፒን ጨዋታ ላፕቶፕ ላይ የሚያጫውተው ኢምዩሌተር፣ ፒፒኤስኤስፒፒ፣ ተከፈተ፣ ጨዋታው ተመረጠ፣ ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ላፕቶፑ ጥገና ቤት ሄደ፤ «ማሽኑ አይችልም፣ ፎርማት ይደረግ» ተባለ፤ ተደረገ፤ ተከፈለበት። ሲመለስ ጭራሽ ባሰበት። ልጁ አሁን የሚጠይቀኝ ራም ይጨምር ወይስ ሌላ ላፕቶፕ ይግዛ እንደሆነ ነው። ወንድሜ፣ አትጨምር፣ አትግዛም። መልሱን ለእሱ ብቻ መላክ ይቻል ነበር፤ ግን ከጅማ እስከ ሊሙ ገነት ያለው ልጅ ሁሉ በዚሁ መንገድ እየተሸኘ ስለሆነ እዚህ ላስቀምጠው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኢምዩሌተር እምቢ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የማሽኑ አቅም ሳይሆን በጨዋታውና በማሽኑ መካከል ካለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ መለየት ይቻላል። ፎርማት ግን ምርመራ አይደለም፤ ማስረጃውን ሁሉ ጠርጎ መጣል ነው።

መጀመሪያ «አይችልም» የሚለውን ፍርድ እንየው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው እሱን አምኖ ነውና። የሶኒው የእጅ መጫወቻ ፒኤስፒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 333 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 32 ሜጋባይት፣ ስክሪኑ 480 በ272 ነጥብ ነበር። አሮጌ የተባለው ኮር አይ 3 ላፕቶፕ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። «ኢምዩሌሽን እኮ ከዋናው መሣሪያ የበለጠ ጉልበት ይበላል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። የፒኤስፒው ፕሮሰሰር ሚፕስ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፣ የላፕቶፓችን ደግሞ ኤክስ 86፤ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ አይሰማም፣ ስለዚህ ጨዋታው እየሄደ ኢምዩሌተሩ በመሀል ሆኖ ያስተረጉማል። ትርጉም ጉልበት ይጠይቃል። ነገር ግን ስዊድናዊው ፕሮግራመር ሄንሪክ ሪድጎርድ ፒፒኤስኤስፒፒን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣው ለስልክም ጭምር አስቦ ነው የሠራው፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው መካከለኛ ስልክ ኳሱንም ድብድቡንም ያጫውታል። እንግዲህ «ማሽኑ ደካማ ነው» ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ይፈተናል። ፈተናው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የምስሉን ጥራት ወደ 1 እጥፍ፣ ማለትም ወደ ራሱ ወደ ፒኤስፒው መጠን መልሱት። 4 እጥፍ ላይ አድርጋችሁት ከነበረ ማሽኑ 16 ጊዜ የሚበልጥ ነጥብ ሲስል ነበር ማለት ነው፤ ቁመቱም ወርዱም በ4 ስለሚባዛ። ወደ 1 ስትመልሱት ፍጥነቱ 100 በመቶ ከገባ ጭነቱ ግራፊክሱ ላይ ነበር፤ ተገኘ። ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ግራፊክሱን ተዉት፣ ፕሮሰሰሩ ወይም ሙቀቱ ነው። የምታዩት ግን የፍጥነቱን መቶኛ ይሁን፤ በሰከንድ 30 ምስል እንዲያሳይ የተሠራ ጨዋታ 30 ቢያሳይ ጤነኛ ነው፣ «60 አልደርስ አለኝ» ብላችሁ አታሠቃዩት።

አሁን ወደ አጋሮው ልጅ። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ይህ ብቻውን ስንት ነገር እንደሚናገር እዩ። ድምፅ ካለ የጨዋታው ፋይል ተነቧል፣ ፕሮሰሰሩ እየሠራ ነው፣ ራሙም በቅቶታል። የቀረው ምስሉን የሚያወጣው ክፍል ብቻ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒ ዊንዶውስ ላይ ምስሉን የሚያወጣባቸው መንገዶች አሉት፤ ቩልካን፣ ኦፕን ጂኤል፣ ዳይሬክት 3ዲ 11። ለቩልካን ኢንቴል በዊንዶውስ ላይ በይፋ ድራይቨር ያወጣው ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ላሉት ፕሮሰሰሮች ነው፤ በሰከንድ ሃንድ የገቡልን ብዙዎቹ ላፕቶፖች ደግሞ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ናቸው። እንግዲህ መጀመሪያ መሞከር የነበረበት ከሦስቱ አንዱን ትቶ ሌላውን መምረጥ ነው፤ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። በምትኩ ዊንዶውሱ ከነጭራሹ ተነሥቶ አዲስ ተጫነ። አዲሱ ዊንዶውስ ያለ ኢንተርኔት ሲጫን የኢንቴሉን የግራፊክስ ድራይቨር አያገኝም፤ ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር በሚባል ጊዜያዊ ድራይቨር ስክሪኑን ብቻ አብርቶ ይቀመጣል። ኦንላይን ቢሆን ኖሮ በአፕዴት ይወርድ ነበር፤ ግን ዳታ እንዳይበላ ብለን አፕዴቱን የምንዘጋው እኛው ነን፣ ምክንያታችንም በቂ ነው። ያ ጊዜያዊ ድራይቨር ኦፕን ጂኤል 1.1ን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ኢምዩሌተሩ ቢያንስ 2.0 ይፈልጋል። ልጁ የላከልኝ የስክሪን ፎቶ ላይ ይህ ቃል በቃል ተጽፏል፤ ግራፊክሱ ኦፕን ጂኤል 2.0ን አይደግፍም፣ በዳይሬክት ኤክስ ልሞክርልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «እሺ» ሲለው ይከፈታል፣ ግን ግራፊክሱ ያልሠራውን ሥራ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ስለሚሸከመው እንደ ኤሊ ይሄዳል። ማሽኑ በሽታውን በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ ያነበበው ግን የለም። የመጀመሪያው ችግር የሴቲንግ ነበር፤ ሁለተኛውን የወለደው መድኃኒቱ ነው። መፍትሔው የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው ማንበብ፣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ማምጣትና መጫን ነው። ራም ምንም አይፈይድም።

ይህን ስጽፍ ከጌሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ አገር፣ በዚህ ዞን፣ ምርመራ ምን እንደሆነ የሚያስተምር ታሪክ ከደጃችን ሳለ እንዲህ መሆናችን። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ፣ አረንጓዴው ፍሬ ገና ሳይቀላ እየጠቆረና እየሟሸሸ ሲረግፍ፣ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩ፦ ነቅሎ መጣል፣ ወይም ገበሬው የማይችለውን መድኃኒት ዓመት በዓመት መርጨት። ተመራማሪዎቹ ግን በታመመ ማሳ መሀል ሳይታመም የቆመውን የቡና እግር ፈለጉ። ያንን ለይተው ዘሩን ወሰዱ፣ ችግኙን ሆን ብለው በበሽታው ፈተኑት፣ የተቋቋመውን አስቀሩ። አባቶቻችሁ በቁጥር የሚጠሯቸው የቡና ዝርያዎች፣ 74110 እና 74112፣ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት እ.ኤ.አ. 1974 ነው፣ ወላጆቻቸው የተገኙትም ኢሉባቦር መቱ አካባቢ ነው። ዛሬ ከአጋሮና ከጎማ የሚወጣው ቡና ውስጥ ስንቱ የእነዚህ ልጅ ነው! ያ ሥራ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይኼኛው ታሞ ያኛው ለምን ዳነ? ላፕቶፕም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ይህ ጨዋታ እምቢ ሲል ሌላው ይሠራል ወይ? ይኸው ፋይል በጓደኛህ ማሽን ይሄዳል ወይ? ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ እምቢ ያለው በመሀል ምን ተቀይሮ ነው? የቡና ልጅ ሆኖ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ባለሙያ ሲያጋጥም ያማል፤ እውነቴን ነው፣ ያማል።

ወደ ነገራችን። ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ግማሽ መፍትሔ ነው። ጨዋታው ገና ሲጀመር ጀምሮ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሴቲንግ ወይም ድራይቨር ጠርጥሩ። መጀመሪያ እንደ ውኃ ሄዶ ቆይቶ ከከበደው ሙቀት ነው፤ በአስፋልት ዳር አቧራ ዓመታት የታፈነ ፋን ሙቀቱን ማውጣት ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጀር ሲነቀል ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ኃይል ቆጣቢው ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፣ በዚያው ቪዲዮ መሀል ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፋይሉን ጠርጥሩ፤ ወርዶ ሳያልቅ ቀርቶ፣ ወይም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ተቆርጦ ይሆናል። የፒኤስፒው ዲስክ ቢበዛ 1.8 ጊጋባይት ነው የሚይዘው፤ ከአንድ ጊጋ በላይ የሆነውን ጨዋታ «በ80 ሜጋባይት አለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ጤነኛ ፋይል እየሰጣችሁ አይደለም። ጌም ቦይ አድቫንስ የምትጫወቱም የራሳችሁ ጣጣ አላችሁ፤ በአንዳንዶቹ የፖኬሞን ጨዋታዎች ሴቭ አላደርግም የሚለው ማሽኑ ሳይሆን የሴቩ መጠን 128 ኪሎባይት መሆን ሲገባው 64 ላይ ስለተቀመጠ ነው። አንድ ቁጥር ነው የሚቀየረው። የትኛውንም ስትሞክሩ አንዱን ብቻ ቀይሩና እዩ፤ አራት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው ቢስተካከልለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ከዜሮ ይጀምራል።

የጥገና ቤት ወዳጆቼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ወረፋ አለባቸው፤ ደንበኛው «ዛሬ ማታ ይድረስልኝ» ይላል፤ ፎርማት ውጤቱ የታወቀ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ሲያደርገው፣ ሲስተሙም ሲበከል፣ እኔም ራሴ ፎርማት ነው የምለው። ግን ያ ቫይረስ መኖሩ ሲታይ ነው። ጥቁር ስክሪን ቫይረስ አይደለም። ጊዜ ይቆጥባል የሚባለውም የሚቆጥበው ለጠጋኙ ነው፤ ደንበኛው ድራይቨሩን፣ ፎቶውን፣ የ12ኛ ክፍል ማስታወሻውን፣ ወራት የደከመበትን ሴቭ ፍለጋ ሲባዝን የሚያጠፋውን ጊዜ ማንም አይቆጥርለትም።

ከዚህ የሚከብደው የወላጆች ተቃውሞ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር ስለ ጌም ኢምዩሌተር ማውራት ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ተማሪ ላይ የምትወስዱትን እርምጃም አልቃወምም። ነገር ግን ጨዋታውንና ጥገናውን ለዩልኝ። ልጁ ለምን ጠቆረ ብሎ ስለ ድራይቨር፣ ስለ ፋይል መጠን፣ ስለ ፕሮሰሰር ዓይነት በእንግሊዝኛ እያነበበ፣ አንዱን ቀይሮ ውጤቱን እየመዘገበ የሚያሳልፈው ሰዓት የጥናት ሰዓት ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ክፍት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሰርተፊኬቱን ይዛችሁታል። ኮድ መጻፍ ከተማራችሁ በኋላ የሥራው ግማሽ «ለምን አልሠራም» ብሎ መፈለግ መሆኑን ታዩታላችሁ። ያንን ልምምድ ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ በፍቅር፣ አሁን እየሠራችሁት ነው። የፒፒኤስኤስፒፒ ኮድ ራሱ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ አንብቡት።

ስለ ሕጉም ሳልናገር አላልፍም፣ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ። ኢምዩሌተር ማለት ፕሮግራም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሶኒ ኢምዩሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስ የተባለ ድርጅት ከሶ እ.ኤ.አ. በ2000 በይግባኝ ተረትቷል። ጨዋታው ግን የሰው ሥራ ነው፤ የእኛውም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። «የሚሸጥልን ሳይኖር ከየት እናምጣ?» የሚለው ምሬት ይገባኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የድሮ ጨዋታዎች 87 በመቶዎቹ ዛሬ በገበያ ላይ እንደሌሉ አሳይቷል። ቢሆንም የጨዋታ ፋይል ላኩልኝ አትበሉኝ፤ አልልክም። ለሙከራ የሚሆኑ፣ ፕሮግራመሮች በነፃ የለቀቋቸው ጨዋታዎች በፒፒኤስኤስፒፒ ገጽ ላይ አሉ፤ ማሽናችሁን በእነሱ ፈትኑ።

ለአጋሮው ልጅ ድራይቨሩን እንዴት እንደሚፈልግ ጽፌለታለሁ። ሌሎቻችሁ ነገ ላፕቶፕ ይዛችሁ ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ «ፎርማት» ሲሏችሁ «ምን አግኝታችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ከሌላቸው ይዛችሁ ውጡ። የግድ ከሆነ ደግሞ ከመስጠታችሁ በፊት ሜምስቲክ በሚባለው የፒፒኤስኤስፒፒ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፒኤስፒ የሚል ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ሴቩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።