ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ፤ በሚሺጋን ደን ዳር

አንባቢ ሆይ! «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት የኛ አገር ብቻ መስሎህ እንደ ሆነ፣ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 30 ቀን ከአሜሪካው ዲትሮይት ከተማ ተነሥተህ ወደ ሰሜን 320 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝ። ጊዜው በኛ ደመራው ከተለኮሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የፋብሪካው አገር ወደ ኋላ ይቀርና መንገዱ ከጥድ ደን መካከል ይገባል፤ የሌላው ዛፍ ቅጠል ግን ቀይና ብጫ ሆኖ መርገፍ ጀምሯል። ከዚያም ኦ ሴብል በሚባል ጥርት ያለ ወንዝ ዳር የተቈረቈረችውን ትንሿን ከተማ ግሬይሊንግን ታገኛለህ።

ስመ ጥሩው ደጋን ሠሪ ፍሬድ ቤር እ.ኤ.አ. በ1947 ከዲትሮይት ወደዚህ መጥቶ ነበር። ፋብሪካው በ1978 ወደ ፍሎሪዳ ቢዛወርም የደጋን ፍቅር ከሚሺጋን አልወጣም። አጋዘንን በቀስት የማደን ፈቃድ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ይጀምራል። ሰኞም ይዋል እሑድ ቀኑ አይለወጥም፤ ዓመት ሙሉ የታወቀ ነው።

ታዲያ በዋዜማው በዚያ አገር ካሉት የደጋን ሱቆች ወደ አንዱ ብትገባ ምን ታያለህ? ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። አንዱ ደጋኑን በጋራዥ ጥሎት ከርሞ አውታሩ ተበጣጥሷል። ሁለተኛው አምና ይስበው የነበረውን ደጋን ዘንድሮ ክንዱ እንቢ ብሎታል። ሦስተኛው ለአደን የሚሆነውን ባለምላጭ የፍላጻ ጫፍ ገና ዛሬ መግዛቱ ነው። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «ነገ ጧት እወጣለሁና ቶሎ በልልኝ!» ባለሱቁም «እኔስ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ» ማለት እያማረው ዝም ብሎ ይሠራል።

ነገሩ ግን በአንድ ማታ የሚያልቅ አይደለም። የሚዙሪው ሰው ሆሊስ አለን የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ኮምፓውንድ የሚባለው ደጋን፣ በሁለቱ ጫፎቹ መንኰራኵር ያለው መሣሪያ ነው። አውታሩን ለመለወጥ ደጋኑን በመጭመቂያ መኪና ማጠፍ ያስፈልጋል። አዲስ አውታር ደግሞ ሲተኰስበት ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ ዓይን የሚያልምባት ትንሽ ቀለበት ትዞራለች፣ ዒላማው ይሳሳታል። ምላጩም ነፋስ ስለሚይዝ ፍላጻው በልምምድ ጫፍ እንደሚሄደው አይሄድም። ይህን ሁሉ የሚያቃናው ደጋግሞ መተኰስ ብቻ ነው። የክንድ ጡንቻም ከሱቅ አይገዛም።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ስቀህ ይሆናል። ነገር ግን በደኑ ውስጥ ያለውን አጋዘን አስብ። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባና ልብ ያሉበት ቦታ ከአንድ ሳሕን እምብዛም አይበልጥም። ፍላጻው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ የሳተ እንደ ሆነ ሆድ ዕቃውን ይወጋል፤ አውሬውም ሸሽቶ ከጥሻ ይገባና ብዙ ሰዓት ሲሰቃይ ቆይቶ ይሞታል። አዳኙም ላያገኘው ይችላል። ሕጉ የምላጩ ስፋት ከ2.2 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳያንስ ያዛል፤ የተኳሹን ልምምድ ግን ማን ይለካዋል?

ልባሞቹ በሐምሌና በነሐሴ ሱቁ ጭር ሲል ደጋናቸውን ያስመረምራሉ፤ ከዚያም ማታ ማታ ይለማመዳሉ። በዋዜማው አውታር የተበጠሰበት ሰውም ቢሆን መጣደፍ የለበትም። የመጀመሪያው ወቅት እስከ ኖቬምበር 14 ይቈያልና የመክፈቻውን ቀን ቢያሳልፈው ምን ይጐዳል?

በኛ ሠርግ በርበሬው ሳይቀነጠስ ቢቀር ወጡ አልጫ ይሆናል፤ ሠርገኛውም ጥቂት አጉረምርሞ ይበላል። በሚሺጋን ደን ግን የስንፍናውን ዕዳ የሚከፍለው አዳኙ አይደለም፤ አጋዘኑ ነው።