ልመናው ያምራል፣ መስጫው የት አለ?

ዋሽንግተን ያለ አንድ አበሻ ከሥራ መልስ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ በስልኩ ይከፍታል። መጀመሪያ የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት፣ ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት። (እሴት አንብቦ ገንዘብ የሰጠ ሰው ካለ ይጠቆም!) መስጫውን በስንት ፍለጋ ሲያገኘው ደግሞ በፎቶ የተለጠፈ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው፤ ኮፒ እንኳን አይደረግም። በካርድ መክፈያ የለም። "ነገ እልካለሁ" ብሎ ይዘጋዋል። ማዕከሉ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ግን ምሳቸው ነገን አይጠብቅም።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዳያስፖራውን የጠየቁት በቀን 1 ዶላር ነበር። ጥያቄው አጭር፣ መጠኑ የታወቀ። ብዙ ድርጅቶች ይህን እንኳን አይጽፉም። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ ባንክ ገንዘብ ስለማይልክ ውጭ የተመዘገበ ታማኝ አጋር መፈለግ ግድ ነው። ለአገር ቤቱ ቴሌብር፣ ለውጭው ካርድ፣ ሁለቱም ከገጹ አናት ላይ። ራዕዩ ታች ይውረድ፤ በቦታው ባለፈው ወር የተገዛው ዱቄት ደረሰኝ ይለጠፍ።