ተተኪ ጊደር

በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በሰላሌ በሚገኙ የወተት ከብት እርባታዎች፣ ያረጀችን ወይም የታመመችን ላም መተካት ያለባት እዚያው ተወልዳ ያደገች ጊደር ናት። ከገበያ የምትገዛ ድቅል ጊደር ዋጋዋ ውድ ነው፤ ዘሯም ጤናዋም ብዙ ጊዜ በውል አይታወቅም። እንዲህም ሆኖ መኖ ሲታደል ተራው መጨረሻ ላይ የሚደርሳት፣ ገና አትታለብምና፣ ጊደሯ ናት። ብዙ እርባታ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በተወለደችበት ሰዓት ነው። ጥጃ ከእናቷ ማህፀን የበሽታ መከላከያ ይዛ አትወጣም፤ የምታገኘው ከእንገር ነው። አንጀቷ ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ያን ችሎታውን ያጣል። 30 ኪሎ የምትመዝን ጥጃ በ6 ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ያህል እንገር ማግኘት አለባት። በአንዳንድ አካባቢ የእንግዴ ልጁ እስኪወጣ እንዳትጠባ ትከለከላለች፤ ይህ ልማድ ብዙ ጥጃ ይገድላል። እትብቷም ወዲያው አዮዲን ይቀባል።

በባልዲ የምታድግ ጥጃ መጠጣት የምትማረው በጣት ነው። አሳዳጊው የታጠበ ጣቱን ወተት ነክሮ ያጠባታል፤ እየጠባች ሳለ እጁን ወደ ባልዲው ዝቅ ያደርጋል፤ አፏ ወተቱን ሲያገኝ ጣቱን ቀስ ብሎ ያወጣል። ወተቱ ለብ ያለ፣ ባልዲው ንጹሕ፣ ሰዓቱም የማይዛነፍ ይሁን፤ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እነዚህ ሲጓደሉ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ውኃና ከበቆሎ፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ የተዘጋጀ ጥቂት መኖ ይቀርብላታል። ትልቁን ጨጓራ ሥራ የሚያስጀምረው እህሉ ነው። ድርቆሽ ብቻ የምትበላ ጥጃ ሆዷ ይንዘረጠጣል፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ ዕድገቷም ይጓተታል። የሻገተ ፋጉሎ ጉበት ስለሚጎዳ ይጣል። ወተት የምትተወው ወር ተቆጥሮ ሳይሆን በቀን 1 ኪሎ ያህል መኖ ለተከታታይ 3 ቀን ስትበላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚረሳው። ጭድ ብቻ እየበላች የምትከርም ጊደር ቶሎ ኮርማ አትፈልግም፤ ኮርማ መፈለግ የሚመጣው ከዕድሜ ይልቅ በክብደት ነውና። ሙሉ ላም ስትሆን 450 ኪሎ የምትደርስ ዘር ከሆነች፣ 270 ኪሎ ስትሞላ ትዳቀል። ሚዛን በሌለበት የደረቷን ዙሪያ በሜትር መለካት ይቻላል። ከልክ በላይ ማወፈርም ይጎዳል፤ ግቷ ውስጥ ስብ ይሞላና የወተት ዕጢው ይቀንሳል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ግን በአብዛኛው መካን ስለሆነች ለምትክ አትያዝ።

በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሁለት ወራት መኖዋ ይጨመር። ከመውለዷ በፊትም ማለቢያው ቦታ መግባትንና በእጅ መነካትን ትልመድ፤ የደነገጠች ጊደር ወተቷን አታወርድም።