ከውሃው ሥር ያሉ ጎረቤቶች

የጅማ ሰው ውሃ አያጣም። ዝናቡ የዓመቱን ብዙ ወራት ይጥላል። አዌቱ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ይወርዳል። ከከተማዋ ዳር ደግሞ ጉማሬ የሚኖርበት የቦዬ ረግረግ አለ። የሌለን ባህር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰቶ ሰመሮ ያደገ ልጅ ከሰው አገር ደውሎ «ባህር ውስጥ መጥለቅ ጀምሬአለሁ» ሲል፣ እናቱ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህና ነው ውሃ ውስጥ የምትገባው?» ብትለው አይፈረድባትም። እኔን እናቴ ያለችኝ ይህንኑ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የምጠልቀው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሲያትል ከተማ ነው። ለጅማ ልጅ ሲያትል የምትከብድ ከተማ አይደለችም። ሰማይዋ እንደኛው ክረምት የደፈረሰ ነው። ተራራዋና ደኗ አረንጓዴ ነው። ቡና ደግሞ እንደ ሃይማኖት የሚያዝባት ከተማ ናት፤ ስታርባክስ የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 እዚሁ ነው። ኢትዮጵያውያንም ብዙ ነን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ሕዝቦች አለቃ ከነበሩት ከሲያትል ነው። ጅማን «ጅማ አባ ጅፋር» እያለ ላደገ ሰው፣ በባላባት ስም የሚጠራ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከመሃል ከተማው ፎቆች ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሲክረስት የሚባል ትንሽ መናፈሻ አለ። ጀልባ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች፣ ውሻቸውን የሚያናፍሱ ሴቶች ያዘወትሩታል። በመሃላቸው ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር ያዘሉ ሰዎች ከመኪና ማቆሚያው ወርደው ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይገባሉ። ጀልባ አያስፈልጋቸውም። ከመኪናቸው እስከ ባህሩ ጥቂት እርምጃ ነው። በጋ ክረምት፣ ቀን ማታ ሳይሉ ይጠልቃሉ።

ብዙ ሰው የባህር ጠላቂ ሲባል ትዝ የሚለው በፊልም የሚያየው ሞቃትና ሰማያዊ ውሃ ነው። የሲያትል ባህር እንደዚያ አይደለም። ከዓመት እስከ ዓመት ቀዝቃዛ ነው፤ በብርድ ወራት 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል፣ በሙቀቱ ወቅትም ከ13 ብዙ አይዘልም። ውሃ የሰውን ገላ ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ስለሆነ፣ ያለ ልብስ የገባ ሰው ብዙ አይቆይም። ጠላቂዎች ውሃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከሥሩም እንደ ጋቢ የሚያሞቅ ወፍራም የውስጥ ልብስ አለ። ያ ሁሉ ልብስ አየር ስለሚይዝ ሰውየው እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። እንዲሰምጥ ወገቡ ላይ ከ10 ኪሎ በላይ እርሳስ ይታጠቃል። ከሲሊንደሩ ጋር ሲደመር የመጀመሪያዋን ጠጠራማ ዳገት መውረድ የቡና ጆንያ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። ውሃው ደረት ላይ ሲደርስ ግን ክብደቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ከመግባት በፊት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ብቻውን የሚጠልቅ የለም። አንዱ የሌላውን ቀበቶ፣ የአየር መጠንና መተንፈሻ ይፈትሻል። የባህሩ ሙላትና ጉድለት የሚለዋወጥበትን ሰዓት የሚያሳየው ሠንጠረዥ አስቀድሞ ይታያል፤ ሙላቱ ወይም ጉድለቱ በሚበረታበት ሰዓት የሚፈጠረው ጅረት ጎበዝ ዋናተኛንም ይወስዳልና። ብዙዎች አየራቸውን በሦስት ይከፍሉታል፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። እናቴ ይህን ስነግራት ትንሽ ልቧ ተመለሰ። «ይሄስ የቤት አያያዝ ነው» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ሕግ አንድ ነው፤ ትንፋሽህን አትያዝ። ውሃ ከባድ ነው። 10 ሜትር ስትወርድ በገላህ ላይ ያለው ግፊት በባህር ወለል ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ጥልቀት የተነፈስኸውን አየር ይዘህ ወደ ላይ ብትወጣ፣ አየሩ ሳንባህ ውስጥ እየተለጠጠ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ አወጣጥ ቀስ ነው። 5 ሜትር ላይ ሲደርሱ ለሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ መጠበቅ የተለመደ ነው። ግፊቱ ወደ ደም የከተተው ናይትሮጅን በትዕግሥት እንዲወጣ ነው፤ የቸኮለ ሰው መገጣጠሚያውን የሚያሠቃይ፣ ሲከፋም ሽባ የሚያደርግ ሕመም ይገጥመዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያሳልፉት ምን ለማየት ነው? ጥቂት ሜትር ሲወረድ ቀይ ቀለም ይጠፋል፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴና ግራጫ ይሆናል። ባትሪ ሲበራ ግን ቀለሙ በሙሉ ይመለሳል። የድሮ መርከብ ማቆሚያ ምሰሶዎች ላይ እንደ ነጭ አበባ የሚወዛወዙ አኔሞኔ የሚባሉ እንስሳት በቅለዋል። በሰመጡ ጀልባዎችና በብረት አግዳሚዎች መካከል ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ደግሞ የሸርጣን ቅርፊት ተከምሮ ይታያል። የአንድ ቤት ጥራጊ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ውስጥ አለ።

ባለቤቱ ግዙፉ የፓሲፊክ ኦክቶፐስ ነው፤ በዓለም ካሉት ኦክቶፐሶች ሁሉ ትልቁ ዝርያ። ስምንት ክንድ፣ ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም አለው። አጥንት ስለሌለው ያንን ሁሉ ገላ በጠባብ ቀዳዳ ያሾልካል። ቀለሙን በአንድ አፍታ ይለውጣል። ባትሪዬን ዝቅ አድርጌ በቆየሁበት ጊዜ አንዱ ክንዱን አውጥቶ የእጅ ጓንቴን ዳሰሰው፤ ቀስ ብሎም ተወው። የሰው ዓይን ባይሆንም የሚያይህ ዓይን መሆኑ ያስታውቃል።

የእናቲቱ ታሪክ ግን ልብ ይነካል። ሴቷ ኦክቶፐስ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትወልደው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚያህሉ እንቁላሎች ከጉድጓዷ ጣሪያ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ታንጠለጥላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አትበላም። ለወራት፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ዓመት በላይ፣ ንጹሕ ውሃ እየረጨች፣ ቆሻሻውን እየጠረገች፣ ጠላት እየመከተች ትጠብቃቸዋለች። ጫጩቶቹ ፈልፍለው ሲወጡ እሷ ትሞታለች።

እ.ኤ.አ. በ2012 መገባደጃ አንድ ወጣት ጠላቂ በዚሁ በሲክረስት ባህር ውስጥ አንድ ኦክቶፐስ ታግሎ አውጥቶ በመኪናው ጭኖ ሄደ። ፈቃድ ነበረው፤ ሕግም አልጣሰም። ነገር ግን በስፍራው የነበሩ ሌሎች ጠላቂዎች አዩት፣ ፎቶግራፍ አነሱት፣ ወሬውም ከተማዋን አዳረሰ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊርማ አሰባሰበ። ከእነዚህ መካከል በሕይወታቸው ኦክቶፐስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። ግን ያዩ ጎረቤቶች ነበሯቸው። የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን የሕዝቡን አስተያየት ሰማ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲክረስትን ጨምሮ ጠላቂዎች በሚያዘወትሯቸው ሰባት ቦታዎች ግዙፉን ኦክቶፐስ ማደን ተከለከለ። በሌላው ቦታ በፈቃድ ማጥመዱ ቀጠለ። ያንን የውሃ ጥግ ያዳነው የመሬቱ ስፋት ወይም የገንዘብ ብዛት ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ገብተው የሚያዩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገርም ታየ። በዚያ ባህር ዳርቻ ኮከብ ዓሣዎችን እያሟሟ የሚጨርስ በሽታ ተዛመተ። ከ20 በላይ ክንድ ያለው፣ የሱፍ አበባ የሚመስለው ትልቁ ዝርያ ከብዙ ቦታዎች ጠፋ ማለት ይቻላል። ሳይንቲስቶች የጥፋቱን መጠን ለማወቅ ከተጠቀሙበት መረጃ አንዱ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ጠላቂዎች ለዓመታት ያዩትን እየቆጠሩ የጻፉት መዝገብ ነው። ትናንት ስንት እንደነበረ የቆጠረ ሰው ባይኖር፣ ዛሬ ስንት እንደጎደለ የሚናገር አይገኝም ነበር።

ሲያትልን መልአክ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ወደዚሁ ባሕረ ሰላጤ የሚፈሰው የዱዋሚሽ ወንዝ ለብዙ አሥርት ዓመታት የፋብሪካ ዝቃጭ ሲደፋበት ኖሯል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 በከፋ ሁኔታ ከተበከሉና መጽዳት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሥራው ዛሬም አላለቀም። ለማቆሸሽ የማይከብደው ለማጽዳት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚወስድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ወደ ቦዬ የሚሄደው። አዌቱ የጅማን የገበያና የሰፈር ቆሻሻ ይዞ እንደሚወርድ በድልድዩ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። በረግረጉ ዳር ሸክላ አፈር እየተቆፈረ ጡብ ይሠራል፤ ባህር ዛፍ ይተከላል፤ እርሻው ይገፋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እንጀራ ስለሆነበት ነው። ረግረጉ ግን ዝም ብሎ የተኛ ጭቃ አይደለም። ከተማው የለቀቀውን ቆሻሻ እንደ ወንፊት ያጣራል፣ የክረምቱን ጎርፍ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ከዚያ የሚያልፈው ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ግድብ ማለት ነው። ቦዬ ሲታመም ሕመሙ እዚያው አይቀርም።

ቦዬ ውስጥ ጥለቁ አልልም። ጉማሬው አይፈቅድም። ጉማሬው ባይኖር እንኳ ቀንድ አውጣ የሚራባበት ዝግ ያለ ውሃ ብልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል። ደግሞም ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በደጋ አገር ሐይቅ መጥለቅ ለባህር የተዘጋጀውን የሰዓትና የጥልቀት ስሌት ያዛባል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ናይትሮጅኑ ሲወጣ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። አንድ ሰው ምጽዋ ላይ ጠልቆ በዚያው ቀን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አስመራ በመኪና ቢወጣ፣ ወዲያው አውሮፕላን እንደ ተሳፈረ ይቆጠራል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ከእናንተ መካከል ቀይ ባህርም ሆነ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመሞከር የሚያስብ ቢኖር፣ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር፣ ቀጥሎ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ይማር፤ ወደ አገር ቤት የሚመለስበትንም ቀን ያስላ።

ቦዬ የሚፈልገው ጠላቂ ሳይሆን ተመልካች ነው። ለማየት ደግሞ ሲሊንደርም እርሳስም አያስፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን ይዞ ወጥቶ፣ ከጉማሬው ርቆ ቆሞ፣ ስንት ወፍ እንዳረፈ መቁጠርና ደብተር ላይ መጻፍ ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር እንደገና መቁጠር። የሰቶ ሰመሮ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ቢጀምሩት፣ ስለ እነዚህ ረግረጎች ያጠኑ ምሁራን እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ አሉላቸው። አሥር ዓመት የተቆጠረበት ደብተር ይዞ አስተዳደር ፊት የቀረበ ልጅ፣ «ቆሻሻው ወንዝ አይግባ» ሲል የሚሰማው ያገኛል።

እናቴ ምን ጠፋብህ ብላ ነበር። የጠፋብኝ የለም፤ እንዳይጠፋ የሚጠብቁ ሰዎችን ግን አግኝቻለሁ። ባለፈው ስንነጋገር ደግሞ እሷው ነች የጠየቀችኝ፤ «ያቺ ልጆቿን የምትጠብቀው ደህና ናት?» ጫጩቶቹ ወጥተው ባህሩን እንደተቀላቀሉ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ ዝናቡ ከበረታ ወዲህ የቦዬ ጉማሬዎች ወደ ማሳው ብቅ ብቅ ማለት እንደ ጀመሩ ሰዎች እንዳወሩላት አጫወተችኝ። ስንት እንደሆኑ ጠየቅኋት። አታውቅም። እስከ እሑድ አጣርታ ልትነግረኝ ቃል ገብታለች።