ሙቀቱን ማን ይሸከመዋል?

ምቾትን መውደድ ከሰው ተፈጥሮ የመጣ ስለ ሆነ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ለራሳችን የፈለግነውን ምቾት በሌላ ሰው ስም ስንጠይቅ፣ ዋጋውንም ሌላው እንዲከፍል ስናደርግ ነው። ይህን ያስተማረችኝ ከአባቴ የወረስኋት ፔጆ 404 መኪና ናት።

የዚህች መኪና ዐይነት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ በሐረርና በድሬዳዋ በታክሲነት ብዙ ዘመን ስላገለገለች የአገሩ ሰው እንደ ቤተ ዘመዱ ያውቃታል። የአባቴ መኪና የአየር ማቀዝቀዣ አልነበራትም። ሙቀት ሲበረታ መስኮት ይከፈታል፤ አቧራ ሲመጣ ይዘጋል፤ ኑሮው ይኸው ነበር። እኔ ግን ጎረቤቴ አዲስ መኪና ገዝቶ በድሬዳዋ ቀትር መስታወቱን ዘግቶ ሲያልፍ ባየሁት ጊዜ ዕረፍት አጣሁ። ለሰው የነገርሁት ይህን አልነበረም። «እናቴን ለሕክምና ሐረር ስወስዳት ሙቀቱ እንዳይጎዳት ብዬ ነው» አልሁ። እውነት ነው፣ እናቴ ታማሚ ነበረች፤ ነገር ግን በልቤ የቀደመው የጎረቤቴ የተዘጋ መስታወት ነበር።

አባቴ መኪናዋን ያሠሩባቸው ወደ ነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ሄጄ አሳቤን ገለጥሁላቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ማቀዝቀዣ ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀቱን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ። ኮምፕሬሰሩን በቺንጊያ የሚያዞረው የዚህችው ሞተር ጕልበት ነው። ከውስጥ የወጣውን ሙቀት የሚበትነውም ዕቃ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቆም፣ ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር የሞቀ ይሆናል። ሞተሯ ስትሠራ ይህ ሸክም አልታሰበላትም። አስቀድመህ የበሮቹን ጎማ አድስ፤ ከወለሉና ከጣራው ውስጥ ሙቀት የሚከለክል ልባድ አስገባ፤ ራዲያተሩንም አጠናክር። ማቀዝቀዣው ከዚያ በኋላ ይምጣ።» እኔም ምክራቸውን ገንዘብ መፈለጊያ አድርጌ ቈጠርሁትና ወደ ሌላ ጋራዥ ሄጄ በሁለት ቀን አስገጠምሁ።

ከድሬዳዋ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት እስክንጀምር ድረስ እናቴ እየመረቀችኝ ሄደች። ዳገቱ መካከል ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ፤ መኪናዋም ቆመች። እናቴ በጠራራው ፀሐይ ነጠላዋን ተከናንባ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። የሐኪሙ ቀጠሮ አለፈ። አልተቈጣችኝም። «ልጄ፣ እኔ እኮ መስኮቱ ይበቃኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። ቢቈጡኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ሥራውን ከበሮቹ ጎማ ጀመሩ። ማቀዝቀዣው አልተነቀለም። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ዳገት ስንጀምር አጥፍቼው መስኮት እንከፍታለን። እናቴም ያን ጊዜ «አሁን መኪናዋ ተነፈሰች» ትል ነበር። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለእ.ኤ.አ. 1940 መኪኖቹ ማቀዝቀዣ ባቀረበ ጊዜ፣ እሱን ለማቆም ሞተር አጥፍቶ ቺንጊያውን መፍታት ግድ ነበር። የእኔ ግን ማጥፊያው ከእጄ ሥር ነበረ፤ የጎደለኝ ማጥፋት የሚገባኝን ጊዜ ማወቅ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሙቀት ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ስሙ እንዲነሣ በብድር የሚደግስ ሰው ሙቀቱን ለልጆቹ ያወርሳል። ቤቱ እንዲያምር ሠራተኛውን ዕረፍት የሚነሣ ሰውም ሙቀቱን በእርሷ ጀርባ ላይ ይጭናል። ሁለቱም «ለቤተሰቤ ስል ነው» ይላሉ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና፣ ምቾትን ከመግጠማችን በፊት ሙቀቱ በማን ላይ እንደሚወጣ እንጠይቅ። እኔ የጠየቅሁት እናቴ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው።