ቆጣሪው በማን ስም ይሁን?

በእኛ ሰፈር መንገዱ የሚበራው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን ከመንገዱ ዳር ይተክላል፤ ከሐዘንተኛው ቤት ሽቦ ይሳብና ሁለት አምፖሎች ይንጠለጠላሉ። ለሦስት ቀን ልጆች በብርሃኑ ሥር ይሯሯጣሉ፤ አሮጊቶች አጥር ሳይደግፉ ይመላለሳሉ። ድንኳኑ ሲነሣ አምፖሎቹም አብረው ይወርዳሉ፤ ጨለማውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለሙት የተሰጠ ብርሃን ከሙት ጋር ቢሄድ ማን ቅር ይለዋል?

ኤሌክትሪክ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለማብራት እንደ ነበር ይነገራል። ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ተነሥቶ እኛ መተላለፊያ ላይ ለመድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልበቃውም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ዋናው አስፋልት ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል። ከዚያ ወደ ውስጥ እጥፍ ያለ ሰው ግን ዓይኑ በብርሃኑ ተወግቶ ስለሚገባ፣ ጨለማው ከበፊቱ ይልቅ ይብስበታል። ቀድሞ ከየበሩ በላይ ትንሽ አምፖል የሚያበሩ ቤቶች ነበሩ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዋጋ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር፣ እነዚያም አንድ በአንድ ጠፉ።

ባለፈው ክረምት አንዲት የማታ ተማሪ ክዳን በሌለው ቦይ ውስጥ ገብታ እግሯን ሰበረች። ጩኸቷን ሰምተን ባትሪ ይዘን የወጣን ሁሉ ቦዩ ክፍት መሆኑን እናውቅ ነበር። በዚያ ሌሊት ያፈርሁት ስለዚህ ነው።

በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ከዕድሩ ገንዘብ ሰባት የመንገድ መብራቶች እንድናቆም ሐሳብ አቀረብሁ። ገንዘብ ያዡ ወዲያው ተቃወመ። «የዕድር ገንዘብ የሙት ነው። ዛሬ ለአምፖል ካወጣነው ነገ በምን እንቀባበራለን?» አለ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ እሱም ያለ ምክንያት አልተናገረም። በመጨረሻ፣ ከጥጉ ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ ስሞት ድንኳኑ ይቅርብኝ። አሁን በሕይወት ሳለሁ ቤቴን አይቼ ልግባ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። የቀብሩ ገንዘብ ሳይነካ፣ በየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት ብር ለመብራት እንዲጨመር ተስማማን።

ፈቃዱ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡ የእኛ፣ ጉልበቱ የእኛ፣ ጨለማውም የእኛ! ነገር ግን ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የነዋሪዎች ፊርማ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅን። ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታ የሚፈቅደው አንዱ መሥሪያ ቤት ነው፤ መስመሩን የሚያገናኘው ሌላው። እኔና የዕድሩ ዳኛ አራት ወር ተመላለስን። ዳኛው ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ደረጃ በወጡ ቁጥር መሐል ላይ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ። እኔ በየደረጃው ስማረር እሳቸው ዝም ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ ገና ወጣት የሆነ ባለሙያ ወረቀታችንን ከዳር እስከ ዳር አነበበና፣ «አባቴ፣ ቆጣሪው በማን ስም ይሁን?» ሲል ጠየቃቸው።

ዳኛው ወደ እኔ ተመለከቱ። በእኔ ስም ቢሆንስ? ቤቴን ሸጬ ብሄድ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? በእሳቸው ስም ቢሆንስ? ወጣቱ ዕድሜያቸውን እያየ ይህን ለመጠየቅ አፈረ፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ጠየቁት። ወጣቱ ቀጠለና፣ «በክረምት ሽቦ ወድቆ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ሕፃን ቢነካው፣ ማንን ነው የምንጠይቀው?» አለ።

ተቆጥቼ የመጣሁ ሰው መልስ አጣሁ። መንገዳችን ላይ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ገንዘብ አዋጥተን ነበር፤ ድንጋይ ግን አንዴ ከተነጠፈ በኋላ ቀለብ አይጠይቅም። መብራት በየወሩ ይበላል፤ ይሰበራል፤ ይቃጠላል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል። ባለቤት ይሻል። እኛ ደግሞ ከበራችን ወዲያ ያለውን ሁሉ «የመንግሥት ነው» እያልን ነበር የኖርነው፤ በልባችን ግን «የማንም አይደለም» ማለታችን ነበር። ቦዩ ያን ያህል ዘመን ክፍት ሆኖ የቆየውም በዚሁ ቃል ነው። ስንጉላላ መክረማችንን አልክድም፤ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ጉዳይ አራት ወር ፈጅቷል። ይህችን ጥያቄ ግን ማንም ባይጠይቀን ኖሮ መብራቱ በዓመቱ ይጠፋ ነበር።

ዳኛው ከኪሳቸው የዕድሩን ማኅተም አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በዕድሩ ስም ይሁን። እኛ እንሞታለን፤ ዕድር አይሞትም» አሉ።

ከሰባቱ አምስቱ ተፈቀዱ። ሁለቱ ወደ ፊት መንገዱ ሊሰፋ በታሰበበት መስመር ላይ ስለሚያርፉ ቀሩ፤ የእኚያ እናት ጥግ ከቀሩት አንዱ ነው። ልንነግራቸው ሄደን አንገታችንን ደፍተን ስንቆም፣ «እስከ ቧንቧው ድረስ ካየሁ የቀረውን እግሬ ያውቀዋል» ብለው እኛኑ አጽናኑን።

መብራቱ የተለቀቀው በአንድ ሐሙስ ምሽት ነው። ደጅ ቆመን ሽቅብ እያየን ሳለ፣ ከሥራ የምትመለስ አንዲት ጎረቤታችን ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ብርሃኑን ስታይ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እኛ ሮጠች።

«ማን ሞተ? ጥሩምባ እኮ አልሰማሁም!»

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አሏት ዳኛው። «ግቢ፣ እራትሽን ብዪ።»